ፀሐይ እጇን የታጠበችበት ወር

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለሥራ ብቻ ነው። ብልሽት፣ ምክንያት፣ መፍትሔ። ሌላ ወሬ አይገባበትም።

ብልሽት፦ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሲስተር ደወለች። የሆስፒታሉ ዋና ነርስ ናት። ክረምት ላይ ያለ ንክኪ የሚሠሩ አሥራ ሁለት የእጅ መታጠቢያ ቧንቧዎች ሠርተን በምትመራው የበሽተኞች ክፍል ውስጥ ገጥመንላታል። እጅህን ከሥሩ ስታስገባ ይከፈታል፣ ስታወጣ ይዘጋል። ሁለት ወር ሙሉ ኮሽ አላለም።

«ቧንቧህ ብቻውን ይታጠባል» አለችኝ።

«እንዴት ብቻውን?»

«ሰው የለም፣ እጅ የለም፣ ውሃው ይወርዳል። ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ባዶ ሆኗል። አንዱ በሽተኛዬ ፊቱን ሳሙና እንደተቀባ ቆሟል።»

እየበረርኩ ሄድኩ። ስደርስም ሰውየው ሳሙናውን እንደተቀባ ነበር። ሰላም አልኩት። በጣቱ ፊቱን አሳየኝ።

ምክንያት፦ አይታወቅም። መፍትሔ፦ አይታወቅም።

ሲስተር ስወጣ ጠርታ፣ «ጻፍ» አለችኝ። «ማን ምን እንዳለ፣ በስንት ሰዓት እንዳለ፣ አንዲት ሳትቀር ጻፍ። በኋላ ‹አላልኩም› የሚል ሰው ጨጓራዬን ይልጠዋል።»

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ምክንያቱ ተገኘ። ፀሐይ ናት።

እንዲህ ነው። ቧንቧው አፍ ላይ ትንሽ መብራት አለች፤ ኢንፍራሬድ ስለሆነች የሰው ዓይን አያያትም። ከጎኗ ሴንሰር አለ። የመብራቷ ጨረር እጅ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ሴንሰሩ «እጅ መጥቷል» ይልና ውሃውን ይከፍታል። ችግሩ ፀሐይም ያው ዓይነት ጨረር አላት፣ ያውም በገፍ። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት በምሥራቁ መስኮት ስትገባ ሴንሰሩ አንድ ሺህ ሰው እጁን የዘረጋ ይመስለዋል።

እኛ ደግሞ የሞከርነው በክረምት ነው። «እኛ» ስል እኔ። የርክክቡ ወረቀት ላይ በእጄ «በማንኛውም የአየር ሁኔታ ተሞክሯል» ብዬ ጽፌያለሁ። ውሸት አይደለም። በዝናብ፣ በካፊያ፣ በበረዶና በጭጋግ ተሞክሯል።

ወርክሾፑ ውስጥ ባለው ክፍላችን ሁለት ሰዎች ነን። እኔ ንድፉንና ፕሮግራሙን እሠራለሁ፣ እሷ ትበይዳለች። ባለ ብየዳዋ እንላታለን። ሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል፣ ብዙ አትናገርም። ዛሬ ጉዱን ስነግራት «ያኔ ‹ፀሐይ ሲወጣስ?› ብዬህ ነበር» አለች። አላስታውስም። ሲስተር ሁሉንም ጻፍ ስላለችኝ ነው የጻፍኩት።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

መፍትሔ፦ ጥላ! ከቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ጣት የምታህል ቁራጭ ቆርጬ፣ ውስጡን ጥቁር ቀብቼ ሴንሰሩ ላይ ሰካሁበት። በጎን የሚመጣ ፀሐይ አይገባም። ቀላል፣ ርካሽ፣ ድንቅ። አሥራ ሁለቱም ተገጠሙ። ለምን ይህን ያህል እንደተጨነቅኩ አላውቅም።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ብልሽት፦ ዶክተሩ።

ቱቦው ስለጠበበ ሴንሰሩ ትክክል ከሥሩ ያለውን ብቻ ነው የሚያየው። ዶክተሩ እጁን ወዲህ ቢል ወዲያ ቢል ውሃ የለም። በመጨረሻ ምን እንዳለ ለማየት ጣቱን ቱቦው ውስጥ ሰደደ። ገባ። አልወጣም። ሴንሰሩ ደግሞ የናፈቀውን ጣት አፍንጫው ሥር ስላገኘ ውሃውን ለቀቀው፣ ለቀቀው፣ ለቀቀው። ሲደወልልኝ ዶክተሩ እስከ ወገቡ ርሶ ነበር። በግራ እጁ የበሽተኛ ካርድ እየፈረመ ነበር አሉ።

ቱቦዎቹ ተነቀሉ።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ጋሼ ቢሯቸው ጠሩኝ። የወርክሾፑ ባለቤት ናቸው፤ ከተቆጡ ይጮሃሉ፣ ከልባቸው ከተቆጡ ግን ወንበር ስበው «ተቀመጥ ልጄ» ይላሉ። «ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ከሆስፒታሉ ዳይሬክተር ደብዳቤ መጥቷል። ኅዳር 11 ራሱ መጥቶ ሊፈትሽ ነው። ያን ቀን አንድ ቧንቧ እንኳ እጅ ሳያይ ከተከፈተ፣ አሥራ ሁለቱም ተነቅለው ይመለሳሉ።

«ከተመለሱ ደግሞ» አሉ ጋሼ፣ «የእናንተን ክፍል እዘጋዋለሁ። የብረት በሩ ሥራ ይበቃኛል። የብረት በር ፀሐይ ወጣ ብሎ አያብድም።»

እኔስ እሺ፣ የሆነ ቦታ አላጣም። ባለ ብየዳዋ ግን እህቷ ያለችበት ከተማ ሥራ ተገኝቶላታል ይባላል፤ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ይህን የጻፍኩት የሥራውን ቀጣይነት ስለሚመለከት ብቻ ነው።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

አዲስ መፍትሔ። ጥቁር ክዳን። ለእኛ ዓይን ድፍን ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ለሴንሰሩ ግን ጥርት ያለ መስታወት ነው። ኢንፍራሬዱን ያሳልፋል፣ ሌላውን ብርሃን ሁሉ ያስቀራል። የፀሐይዋ ኢንፍራሬድ ማለፉ ባይቀርም ሸክሙ በጣም ይቀልለታል። ቀጠን ያለ ነው፣ በማጣበቂያ ይለጠፋል።

ከሆስፒታሉ አስፈትቼ ያመጣኋቸው ቧንቧዎች ላይ አሥራ ሁለቱን ለጥፌ ለቧንቧ ሠራተኛችን ሰጠሁት፣ ወስዶ ይገጥማል። ባለ ብየዳዋ «ምን እንደሆነ ንገረው» አለችኝ። ምን የሚነገር አለው? ክዳን ክዳን ነው።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ቧንቧዎቹ እንደ ድሮው አበዱ። ሄጄ ባይ አንድም ክዳን የለም። ቧንቧ ሠራተኛውን ጠራሁት።

«ክዳኖቹስ?»

«የትኞቹ?»

«ጥቁሮቹ!»

«እሱን ላስቲክ ነው የምትለው? ላጥኩልህ እኮ። በጥፍሬ ስታገል ነው የዋልኩት፣ ምን ያህል እንዳጣበቃችሁት!» አለና አሥራ ሁለቱን በፌስታል ቋጥሮ አመጣልኝ። ምስጋና ሁሉ ሲጠብቅ ነበር።

የእኛ ቤት ሶፋ ከተገዛ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ እስከ ዛሬ ላስቲኩ አልተነሳለትም፤ ከተቀመጥንበት ስንነሳ ይንጫጫል። የጎረቤታችን ፍሪጅም እንደዚያው ነው። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሃል የአዲስ ዕቃ ላስቲክ የሚልጥ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ላይ ይጣል?

ባለ ብየዳዋ አንገቷን አቀርቅራ ትበይዳለች፣ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። የሳቀች ይመስለኛል። ብትስቅ ምን አገባኝ።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ክዳኖቹ ተመልሰው ተለጠፉ። ተሻሽሏል! ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈስ የነበረው አሁን አርባ ደቂቃ ብቻ ነው፣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስትመታው።

ለሲስተር አበሠርኳት። «አርባ ደቂቃ ጎርፍም ጎርፍ ነው» አለች።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ቤት ዋልኩ። እማዬ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ቧንቧ በሐሳቡ ይከፍታል» ብላ አውርታለች። ዛሬ ሁለት ጎረቤቶች መጥተው የእኛን ቧንቧ እንድከፍት ጠየቁኝ። በእጄ ከፈትኩት። ቅር አላቸው።

ለእማዬ ችግሩን አስረዳኋት። አዳምጣ አዳምጣ፣ «ታዲያ መጋረጃ ለምን አይሰቅሉም?» አለች።

ሳቅኩባት። ይሄ የምሕንድስና ጉዳይ ነው አልኳት። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ለሲስተር ደወልኩና ስለ መጋረጃ ጠየቅኳት።

«በሽተኞቼ ፀሐይ ያስፈልጋቸዋል» አለች። «የግድ የሚጋረድ ነገር ካስፈለገ መስኮቱ ላይ አንተን እሰቅላለሁ።»

አሥራ ሰባት ቀን ቀረ።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ዛሬ ረጅም እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ዛሬ አንድ ነገር ገብቶኛል።

እስከ ዛሬ ፀሐይን ለማስቀረት ነው የታገልኩት። አትቀርም። ስለዚህ ትግባ! ዘዴው መቀነስ ነው። ትንሿን መብራት ቦግ እልም አደርጋታለሁ። እልም ስትል ሴንሰሩ የሚያየው ፀሐይን ብቻ ነው፣ ልኩን ይይዛል። ቦግ ስትል ፀሐይንና ከእጅ የተመለሰውን አንድ ላይ ያያል። ከሁለተኛው ላይ የመጀመሪያው ሲቀነስ፣ ፀሐይ ከፀሐይ ጋር ትጣፋለች፣ የሚተርፈው እጅ ነው። እጅ ከሌለ ዜሮ ነው። ሴንሰሩ የሚያዳምጠው ከራሱ መብራት ጋር የሚሄደውን ብቻ ይሆናል፣ የቀረውን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

በሰከንድ ስንት ጊዜ ትብለጭለጭ? መቶ አልኩ። ድፍን ቁጥር ነው፣ ለማስታወስም ለማስላትም አይከብድም፣ ጋሼም ድፍን ቁጥር ይወዳሉ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ባለ ብየዳዋ ቀና ብላ «መቶ?» አለች። «የክፍሉ መብራትስ?»

«ችግራችን ፀሐይ ናት እንጂ መብራት አይደለም» አልኳት።

ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ነው የሰካችው፣ አንዲት ዘለላ ግን አምልጣ አንገቷ ላይ ወርዳ ነበር። ያየሁት በአጋጣሚ ነው። ይህ መስመር ይሰረዛል።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ሠራ! ረፋዱ ላይ፣ ግቢው መሃል፣ ራስ በሚበሳ ፀሐይ! እጅ ሲገባ ይከፈታል፣ ሲወጣ ይዘጋል። ጋሼ ሠላሳ ጊዜ እጃቸውን አስገብተው አወጡ። የብረት በር ሠሪው ሳይቀር መሣሪያውን ጥሎ መጥቶ ታጠበ። እኔ ጨፈርኩ። ጭፈራ አልችልም፣ ግን ጨፈርኩ።

አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ባለ ብየዳዋ ሽቦ ስታቀብለኝ «መቶውን ለውጠው» አለች።

«መቶ ቆንጆ ቁጥር ነው።»

«ቁንጅናውን አልጠየቅኩህም።»

ደስታውን ለማበላሸት ፈልጋ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አለፍኩት።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

ጠዋት፦ አሥራ ሁለቱም ተገጠሙ። ፀሐይ ገባች፣ ጠብ ያለ የለም። ሲስተር ፈገግ አለች፣ በግማሽ ከንፈር። ለእሷ ትልቅ ነገር ነው።

ማታ፦ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መሸና የክፍሉን መብራት አበሩ። አሥራ ሁለቱም ቧንቧዎች አንድ ላይ ተከፈቱ። የክፍሉ በሽተኞች አጨበጨቡ አሉ።

ሲስተር ስትደውል አልጮኸችም። ቀስ ብላ ነው ያወራችው። ከጩኸቷ እሱ ይብሳል።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

በፀሐይ ይሠራል። በጨለማ ይሠራል። አምፖል ሲበራ ጎርፍ። አምፖል ሲጠፋ ጸጥ።

«ታዲያ በጨለማ ልከም?» (ሲስተር፣ 3፡10)

የጠረጠርኳቸው፦ ሽቦው። የውሃው ግፊት። ቧንቧ ሠራተኛው (ምን እንደላጠ ማን ያውቃል)። ሦስት ጊዜ ፈታሁ፣ ሦስት ጊዜ ገጠምኩ። አንድ ቡሎን ተረፈኝ። ከየት እንደሆነ አላውቅም።

ዘጠኝ ቀን።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ድል! በጊዜ ቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሦስት ሰዓት ላይ ባለ ብየዳዋ ወንበሯን ስባ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀመጠች። እንዲህ ተደርጎ አያውቅም። ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ «መቶው አይሆንም። የሲስተር ክፍል የድሮውን ቢጫ አምፖል ነው የሚያበራው፣ እሱ ደግሞ በኢንፍራሬድ የተሞላ ነው። በመብራት ኃይሉ ምክንያት በሰከንድ መቶ ጊዜ ይርገበገባል፣ ዓይን አያየውም እንጂ። ያንተም መቶ ነው። አምፖሉ ሲጠራ ያንተ ሴንሰር አቤት ይላል። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሰባ አድርገው፣ ከአምፖሉ ጋር አይገጣጠምም» አለች።

«እሺ፣ ቆይ፣ አሁን እያሰብኩ ነው» አልኳት።

አራት ሰዓት ላይ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ብርጭቆውን እንዳነሳሁ ሐሳቡ ከሰማይ ዱብ አለልኝ። አምፖሉ! አምፖሉም መቶ ጊዜ ነው የሚርገበገበው! ሻዩን ትቼ ሮጥኩ። ቁጥሩን ቀየርኩት፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሰባ አደረግኩት (ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ መጣልኝ)። ቢጫ አምፖል አበራሁበት። ጸጥ! እጄን አስገባሁ፣ ተከፈተ!

«አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ። ባለ ብየዳዋ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። «ጎበዝ» አለችኝ።

በጣም ደስ አለኝ።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

አሥራ ሁለቱም ተቀየሩ። ጠዋት በፀሐይ፣ ማታ በአምፖል፣ አንድም አልተሳሳተም።

ጋሼ ሠራተኛውን ሰብስበው፣ ፍተሻው በደህና ካለፈ ክፍሉ አይዘጋም፣ እኔም የክፍሉ ኃላፊ እሆናለሁ አሉ። ተጨበጨበ። ባለ ብየዳዋም አጨበጨበች፣ ሁለቴ።

እማዬ ገና ሳልጨርስላት ነጠላዋን ለብሳ ለሰፈሩ ልትናገር ወጣች።

 

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ ባለ ብየዳዋ ከግድግዳው ወዲያ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ሆን ብዬ አላዳመጥኩም። ያዳመጥኩትን ብቻ እጽፋለሁ።

«አይ እህቴ፣ ሥራውስ ጥሩ ነው፣ ሥራውን እወደዋለሁ። ግን አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ተናግሬ፣ በአራተኛው እሱ ‹አገኘሁት› ብሎ ሲጮህ... እንዴ፣ ማልቀስስ አላለቅስም። ደክሞኛል። ፍተሻው ይለፍ፣ ክፍሉን ጥዬ ሄድኩ እንዳይሉኝ። ሐሙስ እመጣለሁ ብለሽ ንገሪልኝ።»

ማንን ይሆን «እሱ» የምትለው? የብረት በር ሠሪው መሆን አለበት። እሱ ሰው አይሰማም፣ መዶሻው ጆሮውን ደፍኖታል።

ሐሙስ ማለት ኅዳር 12 ነው። ሌሎች ሐሙሶችም አሉ፣ ግን እሱን ነው ያለችው።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ለዳይሬክተሩ ሪፖርት ላዘጋጅ ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አንስቼ አነበብኩት።

የብረት በር ሠሪው አይደለም።

ጥቅምት 26፣ ስምንት ሰዓት ተኩል። ጥቅምት 28፣ አምስት ሰዓት ከሃያ። ኅዳር 3፣ ሦስት ሰዓት። በእጄ፣ በራሴ ጽሑፍ፣ ከነሰዓቱ! ያንን ከሰማይ ዱብ አለልኝ ያልኩትን ሐሳብ እሷ ናት ከአንድ ሰዓት በፊት ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጠችልኝ። ቁጥሩን እንኳ አልቀየርኩትም። ዓይኔን በጨው አጥቤ «መጣልኝ» ብዬ ጽፌያለሁ። ስለ ክረምቱም ነግራኛለች። ስለ ክዳኑም ነግራኛለች። አንድ ወር ሙሉ ሴንሰር የሚሰማውንና የማይሰማውን እንዴት እንደሚለይ ሳስተምር የከረምኩ ሰውዬ፣ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ የተቀመጠችውን ሴት አልሰማሁም።

አፈርኩ። ከልቤ አፈርኩ። ለብቻዬ ቁጭ ብዬ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

ከፍተሻው በኋላ ቀስ ብዬ ብነግራትስ? ለጋሼ በደብዳቤ ባሳውቅስ? በሚቀጥለው ወር ባመሰግናትስ? ሁሉንም አሰብኩ። ሁሉም ፍርሃት ነው።

እማዬ «ለምን አትበላም? ኃላፊ ሰው አይበላም እንዴ?» አለች።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ልነግራት አራት ጊዜ ሞከርኩ።

አንደኛው፦ አጠገቧ ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ውሃ አቀበለችኝ።

ሁለተኛው፦ «ጥሩ ብየዳ ነው» አልኳት። «የቱ?» አለች። «ሁሉም» ብዬ ወጣሁ።

ሦስተኛው፦ «ስንት ሰዓት ነው?» ብዬ ጠይቄያት ተመለስኩ።

አራተኛው፦ መሳቢያዋን እያራገፈች ነበር። መቆንጠጫዎቿን በጨርቅ ትጠቀልላለች። ገብቼ ወዲያው ወጣሁ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

አሁን ተረጋግቼ ልጻፍ። አልተረጋጋሁም፣ ግን ልጻፍ።

ዳይሬክተሩ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ሲስተር፣ ጋሼ፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ባለ ብየዳዋና እኔ ተደርድረን ቆምን። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፈተ፣ ፀሐይ ገባች። ጸጥ። ቢጫዎቹ አምፖሎች በሩ። ጸጥ። ዳይሬክተሩ ከኪሱ የራሱን ባትሪ አውጥቶ አሥራ ሁለቱ ላይ በየተራ አበራባቸው። አንድ ጠብታ የለም። ከዚያ እጁን አስገባ፣ ውሃው መጣ። አወጣ፣ ቆመ። አሥራ ሁለት ጊዜ እንዲሁ። ሲስተር ሙሉ ፈገግታ ፈገግ አለች፣ ጥርስ እንዳላት አላውቅም ነበር።

ዳይሬክተሩ ፈረመ። ክፍላችን ተረፈ። ጋሼ ትከሻዬን ደበደቡና «ይህ ሁሉ የዚህ ልጅ ጭንቅላት ነው» አሉ።

ባለ ብየዳዋ ቦርሳዋን ስታነሳ አየሁ።

«አይደለም» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ሆኖ ወጣ። «የእኔ አይደለም። ተጽፏል።» ደብተሩን ከጃኬቴ አወጣሁ። ገጹን ስፈልግ እጄ ከጎኔ ባለው ቧንቧ ሥር እየገባ ሁለት ጊዜ አስከፈተው።

ማንበብ ጀመርኩ። «ጥቅምት 26፣ ስምንት ሰዓት ተኩል። ‹መቶ? የክፍሉ መብራትስ?› አለች። ችግራችን ፀሐይ ናት እንጂ መብራት አይደለም አልኳት። ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ነው የሰካችው፣ አንዲት ዘለላ ግን አምልጣ አንገቷ...»

ቆምኩ። በጣም ዘግይቼ ነው የቆምኩት።

 አልጋ ላይ ያሉት በሽተኞች ሁሉ ተቀመጡ። ቧንቧ ሠራተኛው «ቀጥል እንጂ!» አለ። ሲስተር «ሁሉንም ጻፍ አልኩት፣ ጻፈ» አለች።

ፊቴ እየነደደ ገጹን ገለጥኩና የቀረውን አነበብኩ፤ የጥቅምት 28ቱን፣ የኅዳር 3ቱን፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሰባ የማን ቁጥር እንደሆነ፣ ሻይ ቤት ሄጄ እንዴት የራሴ እንዳደረግኩት። «ይህን ሥራ እሷ ናት ያዳነችው» አልኩ። «እኔ አልሰማሁም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ጋሼ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አዩ። «እንደዚያ ከሆነ ኃላፊዋ እሷ ናታ!» አሉ። ለእሳቸው ነገሩ በዚሁ አለቀ።

እሷ ግን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። «ሰምቻለሁ። ላስብበት» አለችና ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ወደ ወርክሾፑ አልተመለሰችም። ጠረጴዛዋ ባዶ ነው፣ መሳቢያዋ ባዶ ነው። የነገው አውቶቡስ የሚነሳው ማለዳ ነው።

ለእማዬ ኃላፊ እንዳልሆንኩ ነገርኳት። «እኔ ለሰፈሩ ተናግሬያለሁ፣ እንግዲህ እንደምንም ብለህ ሁን» አለች። ቀጥላ ፊቴን አየችና፣ «ልጅቷ ልትሄድ ነው?» አለችኝ። ስለ ልጅቷ አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም።

ከዚህ በኋላ መዋሸት ምን ያደርግልኛል። ወሩን ሙሉ የፈራሁት ለቧንቧ አልነበረም። ክፍሉ ተዘግቶ እሷ እንዳትሄድ ነበር። አሁን ክፍሉ አልተዘጋም፣ የምትሄደውም በእኔ ነው።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ሁለት ሰዓት ሳይሆን ወርክሾፑ በር ላይ ደርሼ ነበር። መግባት ግን አቃተኝ። ባዶ ወንበሯን ላለማየት ግቢውን በውጭ በኩል ዞርኩት። ደግሜ ዞርኩት። በአራተኛው ዙር ዘበኛው «የጠፋብህ ነገር አለ?» አለኝ። አዎ ልለው ነበር። በአምስተኛው እግሬን እየጎተትኩ ገባሁ።

የጋለ የብየዳ ሽታ ተቀበለኝ።

ጠረጴዛዋ ላይ መቆንጠጫዎቹ በጨርቃቸው ላይ ተደርድረዋል። እሷ ተቀምጣለች። ከፊቷ የሠራተኛ መፈረሚያ መዝገብ ተከፍቷል፤ ትናንት ማታ ጋሼ ቤት ሄዳ የተረከበችው ነው አሉ። ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«ሁለት ሰዓት ከስድስት ደቂቃ» አለች። «የምንገባው በሁለት ነው።»

በሩ ላይ ቆሜ «እሺ» ብቻ አልኩ። ቀይ እስክሪብቶ አንስታ በስሜ ትይዩ «ዘግይቷል» ብላ ጻፈችብኝና መዝገቡን ወደ እኔ ገፋችው። ፈረምኩ። እንዲህ ደስ ብሎኝ ፈርሜ አላውቅም።